ከብርድ ልብሱ ሥር የተጻፈ ማመልከቻ

ከሚሴ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ ግንብ ጥግ፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው ያየ መንገደኛ ሁሉ «ምነው፣ ወባ ነው?» እያለ ያልፋል። ወባ አይደለም። አያ ኑርሁሴን ማመልከቻ እየጻፈ ነው። ከብርድ ልብሱ ሥር ላፕቶፕ አለ። ከብርድ ልብሱ ውጭ ደግሞ ባለጉዳዩ ከእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጦ ፊት ለሌለው ጨርቅ በደሉን ይዘረዝራል። እንግዳ ሰው ይስቃል። እኛ መሳቁን ከተውነው ቆይተናል፤ መሳቅም ጉልበት ይጠይቃል።

እኔ ዓፊያ እባላለሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት የኔ ናት። መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ሲያኮርፍ ደግሞ በዱዓ እሠራለሁ። ደሴና አዲስ አበባ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ቀኑን ሙሉ አቧራውን ቤቴ ውስጥ አራግፎ ይሄዳል። ስለዚህ አመለ ቢስ ናት ቢሏችሁ አትፍረዱብኝ። አያ ኑርሁሴን ላይ ግን ተቆጥቼ አላውቅም፤ ከአንዳንድ ቀን በቀር።

እሱ ከኔም፣ ከፎቶ ኮፒም በፊት እዚያ ግንብ ጥግ ነበር። ድሮ በእጁ ነበር የሚጽፈው። ጽሕፈቱ የታተመ ይመስል ነበር፤ ዳኞቹ ሳይቀሩ ያደንቁለት ነበር። ግን ዋናው ሙያው ጽሕፈቱ አልነበረም፤ ነገር ማሳመሩ ነበር። አንድ ጥፊ ይዞ የመጣ ሰው ከባድ ድብደባ ይዞ ይመለሳል። የጎረቤት በሬ ማሳዬን ረገጠ ብሎ የመጣው «ሕግን በመናቅ፣ በማን አለብኝነት፣ ሆን ብሎና አስቦ» የሚል ገጽ ታቅፎ ይሄዳል። ተከሳሹ ያንን ሲያነብ ደሙ ይፈላል፤ እሱም መልሱን ለማስጻፍ ወደዚያው ወደ አያ ኑርሁሴን ይመጣል። ለርሱም ያሳምርለታል። እንዲህ እየተባለ አንድ በሬ ሁለት ቤተሰብ ዕድሜ ልክ ሲያቆራርጥ አይቻለሁ። አያ ኑርሁሴን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማመልከቻ ማለት እንዲህ ነው ብሎ ነው የተማረው።

ሁለት ሺህ አምስት ላይ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ አንቀበልም የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስልሳ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ይሁን? ኮምቦልቻ ኮምፒውተር የሚማረው የእህቱ ልጅ ሪድዋን አሮጌ ላፕቶፑን አመጣለት። በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባል ጭኖበታል። በነጻ የሚገኝ ነው፣ ቫይረስ አይደፍረውም፣ ውስጡ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማንም ሊጠግነው ይችላል አለን። ማንም ሲል ከሚሴ ያለነውን ማለቱ እንዳልነበር የገባን ኋላ ነው።

መጻፉን በቶሎ ለመደ። ያስቸገረው ብርሃኑ ነው። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ጨልሞ ይነሳል። የፀሐይ ምስል ያለባቸው ሁለት ቁልፎች አሉ፣ አንዷ ፀሐይ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ። ትልቋን ሲጫናት ስክሪኑ ላይ ምልክት ብቅ ብላ ከፍ፣ ከፍ ትላለች፤ ብርሃኑ ግን ወይ ፍንክች! ደግሞ ይጫናል። ምልክቷ ጫፍ ደርሳ ትቆማለች፤ ስክሪኑ ያው ነው። አንድ ቀን ትልቋን ፀሐይ በአውራ ጣቱ ሲደበድባት ደርሼ «አያ፣ ተዋት፤ እሷም እንደኛ ተስፋ ቆርጣለች» አልሁት።

ሪድዋን በስልክ መላ ነገረው። ተርሚናል የምትባል ጥቁር መስኮት ትከፍታለህ፤ እዚያ ላይ ይህችን መስመር ትጽፋለህ፤ መጨረሻዋ ላይ የብርሃኑን ቁጥር ታስገባለህ። ቁጥሩ ሲበዛ ይበራል፣ ሲያንስ ይደበዝዛል። መስመሯ ከትከሻው ኋላ ሆነው ሲያዩዋት አጥር ላይ የተንጠለጠለ እሾህ ትመስላለች፤ ዝባዝንኬ ናት። ከዚያ የይለፍ ቃል ትጠይቃለች።

«እየጻፍሁ ነው፣ ግን ምንም አይታይም!» ብሎ ጮኸበት አያ ኑርሁሴን።

«አይታይም አጎቴ፤ እንዲያ ነው የተሠራው። ዝም ብለህ ጻፍ።»

«ሳይታየኝ?»

«ሳይታይህ።»

ጻፈ፤ ስህተት ነው አለችው። ደግሞ ጻፈ፤ አሁንም ስህተት። ጉዱ የወጣው ሪድዋን «አጎቴ፣ ፊደሉ አማርኛ ላይ ነው እንዴ ያለው?» ሲል ነው። እኛ አገር ፍርድ ቤቱ በኦሮምኛ ይሠራል፣ ኦሮምኛው በላቲን ይጻፋል፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚላከው ደግሞ በአማርኛ ነው። አያ ኑርሁሴን ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ፊደል ወደ አንዱ ሲገላበጥ ይውላል፤ በየትኛው ላይ እንዳለ የሚያውቀው ስክሪኑን አይቶ ነው። ስክሪኑ ደግሞ አይታይም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ፊደሉን ወደ ላቲን መልሶ፣ ያቺን መስመር ይጽፋል። ማሽኑ ሲጠፋ ይረሳታል፤ ሲከፍት እንደገና ይጽፋታል። «ስመጣ ለዘለቄታው አስተካክልልሃለሁ» ይል ነበር ሪድዋን። ፈተናው አያልቅም፣ አይመጣም።

ብርሃኑ ቢገኝም እፎይ አላለም። ሽቅብ ሲያወጣው ባትሪው የቀትሩ ዙህር ሳይደርስ ያልቃል፤ ግንቡ ጥግ ሶኬት የለም። ዝቅ ሲያደርገው የኛ የጨፋ ሜዳ ፀሐይ አይምረውም፣ አንድ ፊደል አይለይም። ብርድ ልብሱን ከቤቱ ይዞ የመጣው በዚህ ነው። ብርሃኑን ዝቅ ያደርግና ይከናነባል፤ ባትሪው እስከ ከሰዓት ይቆይለታል፣ እሱ ግን ከውስጥ ይበስላል። ሲወጣ ፊቱ ከድስት ያወጡት ሥጋ ይመስላል። ደከመህ ወይ ስለው «አልሃምዱሊላህ» ይላል፤ እንዲህ ሲል አዎ ማለቱ ነው።

ብርድ ልብሱ ግን ማንም ያላሰበውን ነገር አመጣ። ሰው መናገር ጀመረ። በተለይ ሴቶቹ፤ ድሮ ወንድም ወይም አጎት ልከው ያስነግሩ የነበሩት፣ አሁን ራሳቸው መጥተው ከዱካው ላይ ይቀመጣሉ። የሚያያቸው ዓይን የለማ። ጨርቁን እያዩ የሆድ የሆዳቸውን ይነግሩታል።

ዙቤይዳ የመጣችው ማክሰኞ ቀን ነው፣ ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለ ገጠር። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሬም አኩርፎ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። ቀጭን፣ ዓይኗ ጎድጉዶ የገባ፣ ዕድሜዋ ከኔ የማይበልጥ ሴት ናት።

«እቴ፣ ክስ የሚጽፉት የት ነው?» አለችኝ።

ብርድ ልብሱን አሳየኋት። ጥቂት አየችውና «በሕይወት አለ?» አለች።

«ያን ያህል» አልኋትና አብሬያት ተሻገርሁ፤ መብራት እስኪመጣ ሥራ አልነበረኝም።

ነገሩን ከሥር ከሥሩ ሰማሁ። ባሏ ጀይላን ከሞተ ወራት አልፈዋል፤ የሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን ጨርሳለች። ከመሞቱ በፊት ዓመታት አልጋ ላይ ነበር። ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እሷ ናት። አሁን ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቤቱም እርሻውም እንዳይበተን የሟቹ ወንድም ሙሀመድኑር ያግባት ብለዋል። ልማዱ ነው፤ አባቶቻቸውም እንዲሁ አድርገዋል። ጠየቋት፣ ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርገው ፋቲሃ ቀርተው፣ ዱዓ አድርገው ተነሱ። ዝምታ እሺታ የሚሆነው ወንድ ላላወቀች ልጃገረድ ነው፤ ባል የሞተባት ሴት በአፏ መናገር አለባት፤ ይህን እኔ ፎቶ ኮፒ የማነሳዋ እንኳ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ለማሰብ ጊዜ ያገኘ የለም። የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ ለጁምዓ ተቆርጧል። እምቢ ካልሽ ቤቱን ለቀሽ ውጪ ተብላለች፤ መሄጃም የላት፣ እናት አባቷ ሞተዋል።

«እሺ ልጄ፣ ምን በደለሽ?» አለ ብርድ ልብሱ።

«ማን?»

«ሙሀመድኑር ነዋ።»

«ኧረ አልበደለኝም።»

«መታሽ? ሰደበሽ?»

«አዑዙ ቢላሂ! ምን ሲል ይመታኛል? ጀይላን ሲታመም ውሃ ይቀዳልኝ የነበረ እሱ ነው።»

«መሬትሽንስ?»

«ያርስልኛል እንጂ።»

ብርድ ልብሱ ተነፈሰ። «ልጄ፣ በደል ከሌለ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ? ይህ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ነው።»

ዙቤይዳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ መሬት መሬት አየች። ተነስታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ከብርድ ልብሱ ሥር ቁልፍ ሲነካካ ይሰማኛል፤ አያ ኑርሁሴን ነገሩ ሊረዝም ነው ብሎ ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑን ይበልጥ ዝቅ ሊያደርግ፣ ያቺን መስመር እየጻፈ ነበር። አራት መቶ ሊል ነው። የአራት ቁልፉ ግን አቧራ ስለጠጣ ደቁሰው ካልተጫኑት አይሠራም። እሱ ነካ አድርጎ አለፈው፤ የገቡት ዜሮዎቹ ብቻ ናቸው። ስክሪኑ ድርግም አለ። የደበዘዘ አይምሰላችሁ፤ ጭራሽ ጠፋ። ብርድ ልብሱ ሥር ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

ብርሃኑን ለመመለስ መስመሯን በዳበሳ ጻፈ። የይለፍ ቃሉንም ጻፈ። ምንም የለም። ፊደሉ አማርኛ ላይ ይሁን ላቲን ላይ አያይ፣ ማሽኑ ይቀበለው አይቀበለው አያይ። ብርድ ልብሱን ገልጦ ሊወጣ እጁን ሲያነሳ ነው ዙቤይዳ መናገር የጀመረችው።

«ደክሞኛል አያ» አለች። «ደዸቤራ። ሌላ አይደለም፣ ደክሞኛል። ያ ሰውዬ ከታመመ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። ሲያስል እነሳለሁ። ዝም ሲልም እነሳለሁ፣ ሞቶ እንደሆን ብዬ። አልሰለቸኝም፤ ባሌ ነው፤ እወደው ነበር። ሞተ፣ ቀበርነው፣ አላህ ይዘንለት። አሁን ደግሞ ሌላ ልጀምር? ሙሀመድኑር፣ ኢኒ ነመ ጋሪ፤ ጥሩ ሰው ነው። ከሱ የተሻለ ጨፋ ውስጥ የለም። ግን እሱም ይሸመግላል። እሱም ያስላል። እሱም ሲያስል እነሳለሁ። አልችልም አያ። ወላሂ አልችልም። በቤቴ፣ በመደቤ ላይ፣ ማንም ሳይጠራኝ መተኛት ነው የምፈልግ። ሲጠይቁኝ ዝም ያልሁት እሺ ብዬ አይደለም። ለመናገርም ደክሞኝ ነው።»

ይህን ሁሉ ስትል ከብርድ ልብሱ ሥር የቁልፎቹ ድምፅ አላቋረጠም። አያ ኑርሁሴን ኋላ እንደነገረኝ፣ ብቅ ብል ዳግመኛ አትናገርም ብሎ ፈራ። ስለዚህ ወደ ጽሑፉ ገጽ ተመለሰ፣ የተመለሰ መሰለው፣ በጨለማው ውስጥ ያለችውን እንዳለችው ወረደበት። ለማሳመር ማየት ያስፈልጋል። «በግፍ» የምትለዋን የት ያስገባት? ጊዜም፣ ብርሃንም አላገኘም። ስትጨርስ የማስቀመጫ ቁልፎቹን በዳበሳ ተጫነና ብርድ ልብሱን ገለጠ። ላቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል።

«ጨለመብኝ» አለ፤ ለኔ ነው ያለው።

ሦስታችንም ወደኔ ቤት ተሻገርን። ጄኔሬተሩን እየሰደብሁ አስነሳሁት። የስልኬን ባትሪ አብርቼ በስክሪኑ ላይ አጋድሜ ስይዘው ፊደሎቹ ከሩቅ እንደሚታይ ጥላ ብቅ አሉ። ጽሑፉ አለ! ኦሮምኛውም አማርኛውም አንድ ላይ፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፣ ያለ ነጥብ፣ ያለ አርእስት፣ ከላይ እስከ ታች ተዥጎድጉዶ። ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው፤ መስመሯን ጻፈ፤ አራትን በሁለት ጣቱ ደቁሶ ተጫናት። ብርሃኑ ከተመለሰ በኋላ እንደ ልማዱ ማሳመር ያዘና አነበበላት፦ «ተከሳሽ የባሌን ሞት ምክንያት በማድረግ፣ ያለ ፈቃዴ በግፍና በኃይል አስገድዶ ሊያገባኝ በመዛት...»

ዙቤይዳ ብድግ አለች። «ኧረ አያ! መች እንዲህ አልሁ? አትዋሽብኝ! ሙሀመድኑር ይህን ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ልጄ፣ ደከመኝ የሚባል ክስ የለም። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አይቼም አላውቅ።»

«እንግዲያ ይቅር። ውሸት ተጽፎልኝ ከምድን ቢቀር ይሻላል።»

እዚህ ላይ ነው የተቆጣሁት። «አያ ኑርሁሴን!» አልሁ፣ ጄኔሬተሩን በሚያሸንፍ ድምፅ፣ «የሰማኸውን ጻፍ! አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ያለውን ጻፍና ዳኛው ያስብበት!»

እውነቱን ለመናገር ያሸነፈው የኔ ቁጣ አይደለም። አያ ኑርሁሴንም ደክሞት ነበር፤ ለመከራከር የሚሆን ትንፋሽ አልተረፈውም። የጨመረውን አጠፋ። ቃሏን ሳይነካ በኦሮምኛ ገለበጠው፣ ከላይ «ለፍርድ ቤቱ» ብሎ፣ ከታች ስሟን ጽፎ አተምነው። በአውራ ጣቷ ፈረመች፤ ማመልከቻው ገባ። ለሙሀመድኑር መጥሪያ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ኒካሁ ሊታሰር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሙሀመድኑር ደጃፌ ላይ ቆመ። ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው በሩን ይሞላል። ሽርጡ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ከእርሻ በቀጥታ መጥቷል። አያ ኑርሁሴን እኔ ዘንድ ባትሪ እየሞላ ነበር።

«አንተ ነህ አሉ የጻፍህ» አለው። «ስሜን አጥፍታዋለች አሉኝ። በአላህ፣ ምን አድርጌ? ማንበብ አልችልም። ያለችውን አንብብልኝ፣ ከዚያ መልሱን ትጽፍልኛለህ። እኔም የምለው አለኝ።»

አያ ኑርሁሴን ወረቀቱን አወጣ። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ደም የሚያፈላ ነገር ሲያነብብ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ፈራ። አነበበ። ጥሩ ሰው ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ሙሀመድኑር ኮፍያውን አወለቀ። ከሱ የተሻለ ጨፋ ውስጥ የለም ሲል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሲያልቅ አንድ መኪና አቧራውን አራግፎብን አለፈ።

«እኔ ስድብ ነበር የጠበቅሁ» አለ በመጨረሻ። «ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ሚስት አለችኝ፣ ቤት ሙሉ ልጅ አለኝ። የወንድምህን ቤት ልትበትን ነው ወይ አሉኝ። ምን ልበል? እሷ ዝም ስትል እኔም ዝም አልሁ። ሁለታችን ዝም ብንል እነሱ ፋቲሃ ቀሩብን።»

አያ ኑርሁሴን ላፕቶፑን ከፈተ። ጨልሞ ተነሳ። ፊደሉን ወደ ላቲን መለሰ፣ መስመሯን ጻፈ፣ የማይታየውን የይለፍ ቃል ጻፈ። ሙሀመድኑር ስክሪኑ ሲበራ ቀና ብሎ አየው።

«እና ምን ልጻፍ?» አለው አያ ኑርሁሴን፤ አንዲት ቃል ላሳምርልህ አላለውም።

«ያለችው ሁሉ እውነት ነው በል። አላገባትም በል። ቤቱ ቤቷ ነው፣ ማንም ውጪ አይላትም። እርሻውን አላህ ዕድሜ እስከሰጠኝ አርስላታለሁ።» ትንሽ አሰበ። «ደግሞ ይህን ጨምርልኝ፤ በሬዎቹን ጠዋት ሳወጣ ደጇን አላንኳኳም።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ዳኛው ፊት ቀርበው ስምምነታቸው ተመዘገበ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ አሉ፤ ያጉረምርሙ። ሙሀመድኑር ከብቶቹን ብሎ ወዲያው ሄደ። ዙቤይዳ የመልሱን ቅጂ ልትወስድ እኔ ዘንድ መጣች። ዳኛው ፊት ቀልቧ አልነበረም መሰል፣ እንደገና እንዲነበብላት ፈለገች። አያ ኑርሁሴን አነበበላት፣ ቀስ ብሎ።

«ደጄን አላንኳኳም አለ?» አለች።

«አለ።»

«በቃ?»

«በቃ ልጄ። አለቀ።»

ታለቅሳለች ብዬ ውሃ ልቀዳላት ዞር አልሁ። ስመለስ አግዳሚው ላይ፣ ራሷን ከግድግዳው አስደግፋ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም፤ ሰው እንዲህ የሚተኛው ዓመታት የታዘለ ሸክም ሲወርድለት ነው።

አንድ የፍርድ ቤት ተላላኪ የወረቀት ክምር ታቅፎ ደጄ ላይ ቆመና «ዓፊያ! ቶሎ፣ አራት አራት ኮፒ!» ብሎ ጮኸ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ወጣሁና በሩን ገርበብ አደረግሁት። ጄኔሬተሩንም አጠፋሁት።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«ተበላሽቷል» አልሁት፤ ሌሎችም መጡ፣ ለነሱም ተበላሽቷል አልሁ። አያ ኑርሁሴን ማዶ ወደ ግንቡ ሄዶ የሚመጣውን ሁሉ ነገ ና ይላል። የዓስር ሶላት አዛን እስኪል ድረስ ማንም አልቀሰቀሳትም።